ውሃ የገባበት ስልክ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልክ ውሃ ሲገባበት ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው "ይሠራል ወይ?" ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ውስጡ ያለው ፎቶ፣ ስልክ ቁጥርና ሰነድ ሌላ ቦታ ተቀምጧል? ከተቀመጠ ጉዳዩ የገንዘብ ስሌት ብቻ ነው። ካልተቀመጠ ስሌቱ ይለወጣል። ለስልኩ ብላችሁ የማታወጡትን ገንዘብ ለውስጡ ብላችሁ ልታወጡ ትችላላችሁ። ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ይህን ልብ በሉ።

ስልኬ አሁን ውሃ ውስጥ ወደቀ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቶሎ አውጡት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ለማብራት አትሞክሩ። ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

ውሃ ስልክን በዋናነት የሚጎዳው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድንና ጨው አለ፤ እሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስልኩ በርቶ ከቆየ ኤሌክትሪኩ መሄድ በማይገባው መንገድ ይሄድና ሾርት ያደርጋል። ሾርት ባያደርግ እንኳ እርጥበትና ኤሌክትሪክ በተገናኙበት ቦታ ብረቱ መበላት ይጀምራል። ቀናት አይጠብቅም።

ስለዚህ "እስቲ ይነሣ እንደሆነ ልየው" ብሎ ማብራት፣ ይባስ ብሎም ቻርጀር መሰካት፣ ሊተርፍ የሚችለውን ስልክ ይጨርሱታል። ከቨሩን አውልቁ። የሲም ካርዱን ማስቀመጫ አውጡ። ባትሪው የሚወልቅ ዓይነት ከሆነ አውልቁት። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አዙራችሁ በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። በኃይል አታራግፉት፤ ውሃው ገና ወዳልረጠበው ክፍል ይሄዳል። የፀጉር ማድረቂያም ይቅር። ሙቀቱ ስክሪኑን የያዘውን ማጣበቂያ ያላላል፣ ባትሪውን ይጎዳል፤ ነፋሱ ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቀዳዳው ውስጥ ጥጥና ሶፍት መክተትም ጥሩ አይደለም፤ ብናኙ እዚያው ይቀራል።

ስልኩ አልጠፋም ብሎ ካስቸገረ አትታገሉት። በቶሎ ወደ ጥገና ባለሙያ ውሰዱትና ባትሪው ከቦርዱ፣ ማለትም የስልኩ ክፍሎች ሁሉ ከሚያያዙበት ዋና ሰሌዳ፣ ይነቀል።

ሩዝ ውስጥ ብቀብረው አይሻልም?

አይሻልም። ሩዝ ከተዘጋ ስልክ ውስጥ ውሃ ስቦ አያወጣም። ዱቄቱና ስብርባሪው ግን በቀዳዳዎቹ ይገባል። አፕል ራሱ ለደንበኞቹ ባወጣው መመሪያ አይፎንን ሩዝ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ጥቃቅን ቅንጣቶቹ ሊጎዱት ይችላሉ ይላል።

ሰው ስልኩን ሩዝ ውስጥ ከቶ በማግስቱ ሲነሣለት ሩዙ ያዳነው ይመስለዋል። አየር በሚያገኝበት ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጠውም ይነሣለት ነበር። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር የሚመጡት ሲሊካ ጄል የሚባሉ ትንንሽ ከረጢቶች ከሩዝ የተሻለ እርጥበት ይስባሉ። ብዙ ካላችሁ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከስልኩ ጋር ማስቀመጥ ይቻላል። እነሱም ቢሆኑ የሚወስዱት እርጥበቱን ነው። ውሃው ሲተን ጥሎት የሚሄደውን ጨውና ማዕድን የትኛውም ማድረቂያ አያነሣውም። እሱ የሚለቀው ስልኩ ተከፍቶ ሲጸዳ ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሩዙ የሚበላው ጊዜ ነው። ሰው ተረጋግቶ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል። በእነዚያ ቀናት ቦርዱ ውስጥ ውስጡን እየተበላ ነው።

"ውሃ አያስገባም" ተብሎ የተሸጠልኝ ስልክ እንዴት ውሃ ገባበት?

ፈጽሞ ውሃ የማያስገባ ስልክ ስለሌለ ነው። ያለው ለተወሰነ ጥልቀትና ለተወሰነ ጊዜ ውሃ የሚቋቋም ስልክ ነው። ስልክ አቧራና ውሃ የመቋቋም አቅሙ አይፒ በሚባል ደረጃ ይለካል። አይፒ 67 የሚባለው ደረጃ ስልኩ 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኖ አለፈ ማለት ነው። አይፒ 68 ከዚያ የበረታ ነው፤ ልኩን ግን የሚወስነው አምራቹ ነው። አፕል ከአይፎን 12 ወዲህ ላሉት ዋና ዋና ሞዴሎቹ እስከ 6 ሜትር ለ30 ደቂቃ ይላል። ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ ስልኮቹ 1.5 ሜትር ለ30 ደቂቃ ይላል። ሁለቱም አይፒ 68 ናቸው።

ፈተናው የሚደረገው በአዲስ ስልክ፣ በማይናወጥ ንጹሕ ውሃ ነው። የእናንተ ስልክ ግን ወድቆ ያውቃል። ኪስ ውስጥ ተጨምቋል። ፀሐይ መትቶታል። ምናልባት ስክሪኑ አንዴ ተቀይሯል። ውሃውን የሚያግደው ማጣበቂያና ጎማ በዕድሜ ይደክማል፤ ጠርዝ ላይ ያለች በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ለውሃ ትበቃዋለች። የሳሙና ውሃ ደግሞ ከተራ ውሃ ይልቅ በጠባብ ቦታ ያልፋል። የመታጠቢያ ቤት እንፋሎትም ቢሆን እንዲሁ ይገባና ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ሁለት ዓመት ያገለገለን ስልክ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ውሃ እንደማይቋቋም አድርጋችሁ ያዙት።

የገባው ፈሳሽ ምን እንደሆነ ለውጥ ያመጣል?

በጣም ያመጣል። ባለሙያው ጋ ስትደርሱም መጀመሪያ ንገሩት።

ንጹሕ ውሃ ከሁሉም ይሻላል። የባሕር ውሃ ከሁሉም ይከፋል፤ ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ብረትም በፍጥነት ይበላል። የመዋኛ ገንዳ ውሃ ክሎሪን አለበት። ሻይ፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ሲደርቁ ስኳራቸው ይቀራል፤ ቁልፎቹን ያጣብቃል፣ ስፒከሩን ይደፍናል፣ እርጥበትም መልሶ ይስባል። ለስላሳ መጠጥ በዚያ ላይ አሲድ አለው። ሽንት ቤት ውስጥ ወድቆ ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ። ባለሙያው ጓንት አድርጎ መሥራት አለበት፤ ማወቅ መብቱ ነው።

ውሃ የሚቋቋም፣ ያልተሰነጠቀ ስልክ ላይ የባሕር ውሃ ወይም ስኳር ያለው ነገር ከፈሰሰ ካጠፋችሁት በኋላ ውጪውን በንጹሕ የቧንቧ ውሃ በስሱ አለቅልቁት። የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የማይቋቋም ከሆነ ግን ተጨማሪ ውሃ አታስነኩት፤ በዕለቱ ይከፈት።

የባሕር ውሃ ጠጥቶ ሳይከፈት ቀናት ያለፉት ስልክ ላይ፣ ውስጡ ላለው ዳታ ካልሆነ በስተቀር ብዙ ገንዘብ ባታወጡ ይሻላል። ተጠግኖ ቢነሣ እንኳ ዕድሜው አያስተማምንም።

ስንት ሰዓት ከጠበቅሁ በኋላ ላብራው? ቻርጅስ መቼ ላድርግ?

ሁለት የተለያየ ሁኔታ አለ። ስልኩ ላዩ ላይ ብቻ ረጥቦ ቻርጀር ስትሰኩ "ፈሳሽ ተገኝቷል" የሚል ማስጠንቀቂያ ወይም የውሃ ጠብታ ምልክት ካሳያችሁ እርጥበቱ ያለው የቻርጅ ቀዳዳው ላይ ነው። ኬብሉን ንቀሉ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፣ አየር ባለበት አስቀምጡት። አፕል ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል ይላል። ማስጠንቀቂያውን አልፋችሁ በግድ ቻርጅ አታድርጉ። የኬብሉ ጫፍና የቀዳዳው ብረቶች የሚቃጠሉት እንዲህ ሲደረግ ነው።

ስልኩ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ከሆነ ግን ትክክለኛው መልስ ሰዓት መቁጠር ሳይሆን ማስከፈት ነው። ባለሙያ በቅርብ ከሌለ ቢያንስ ሁለት ቀን አየር በሚያገኝበት ቦታ ጠፍቶ ይቀመጥ። ያለ ኬብል የሚሠራው ቻርጅም በዚህ ጊዜ አይፈቀድም።

ደርቆ ተነሣልኝ። ታዲያ ደህና ነው ማለት ነው?

ለጊዜው ደህና ነው። አሁኑኑ ግን አንድ ሥራ አለባችሁ። ስፒከሩን ከመሞከራችሁ፣ ለሰው ከመደወላችሁ በፊት ባክአፕ አድርጉ። ፎቶው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ መልእክቱ፣ የሥራ ሰነዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ) ይገልበጥ። ውሃ የነካው ስልክ የተነሣበት ሰዓት ዳታ ለማውጣት ከሁሉም የሚመቸው ሰዓት ነው። ነገ ላይገኝ ይችላል።

ምክንያቱም ውሃው ቢሄድም ዝገቱ አይቆምም። ቦርዱ ላይ ካሉት ትንንሽ የብረት ክዳኖች ሥር የቀረ ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ሥራውን ይቀጥላል። ስልኩ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት በሰላም ይሠራና አንድ ቀን ድንገት ይጠፋል። ባለቤቱ ያኔ ውሃውን ረስቶታል።

አንዳንድ ምልክቶች አሉ። ባትሪው ከበፊቱ ቶሎ ያልቃል። ሳትነኩት ይሞቃል። ካሜራው ውስጥ ጉም ይታያል። ድምፁ ይታፈናል። ቻርጅ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይተዋል። ስክሪኑ ሳይነካ ራሱ ይጫናል። ኔትወርክ እየጠፋ ይመጣል። አይፎን ከሆነ ደግሞ በየሦስት ደቂቃው ገደማ እየጠፋ የሚነሣበት ሁኔታ አለ። ባለቤቱ ስልኩ ሞተ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የቻርጅ ቀዳዳውን ወይም የማብሪያ ቁልፉን የያዘው ስስ ገመድ ላይ ነው፤ ስልኩ ገመዱ ላይ ካለው ሴንሰር የሚጠብቀውን መልስ ሲያጣ ራሱን እያጠፋ ይነሣል። ገመዱ ሲቀየር ይስተካከላል። እንዲህ ያለው ስልክ እንዳይጣልብኝ ነው ይህን ማንሣቴ።

ውሃ ውስጥ የገባ ስልክ ቢሠራም ተከፍቶ ይጸዳ እላለሁ። የማጽዳቱ ወጪ ከሁሉም የውሃ ጥገና ትንሹ ነው፤ በጊዜ ሲደረግም ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማል።

ጥገና ቤት ወስጄዋለሁ። እዚያ ምን መደረግ አለበት?

ጥሩ ባለሙያ ስልኩን ለማብራት አይቸኩልም። መጀመሪያ ይከፍተዋል፣ ባትሪውን ይነቅላል። ከዚያ ቦርዱን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ዝገት ጀምሯል ማለት ነው። የብረት ክዳኖቹን ያነሣል፤ ውሃው የሚደበቀው እዚያ ሥር ነውና። ቦርዱን በአልትራሶኒክ ማሽን (በድምፅ ሞገድ በሚያጸዳ መሣሪያ) ወይም በለስላሳ ብሩሽና በአይሶፕሮፒል አልኮል ያጸዳዋል። አልኮሉ ውሃ ያልበዛበት፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ መሆን አለበት። ካደረቀው በኋላ ሾርት መኖሩን በመልቲሜትር ይለካል፤ መሣሪያው ካለው የሚሞቀውን ቦታ በሙቀት ካሜራ ይፈልጋል። ባትሪና ስክሪን የሚሞከሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስልኩን ከውጪ በሙቅ አየር አሙቆ "ደርቋል" ብሎ የሚመልስላችሁ ሰው አላጸዳላችሁም።

ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄዎቻችሁን በግልጽ ጠይቁ። ለመመርመር ብቻ ስንት ነው? ካልተነሣ እከፍላለሁ? አዲስ ዕቃ ከመግጠምህ በፊት ትደውልልኛለህ? የሚነቀለው አሮጌ ዕቃ ይመለስልኛል? ዳታው እንዳይጠፋ ትጠነቀቃለህ? ይህ የመጨረሻው ችላ የሚባል አይደለም። አንዳንድ ጠጋኝ የማይነሣ ስልክ ሲገጥመው ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ይጭናል፤ ፎቶው በዚያው ይሄዳል። ከተቻለ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት።

ውሃ የገባበትን ስልክ ጠግኖ ረጅም ዋስትና የሚሰጥ ባለሙያ ጥቂት ነው። በዚህ አትቀየሙት። እሱ የሚያውቀው ያየውን ቦታ ነው፤ ሌላ ቦታ የተደበቀ ዝገት ነገ ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም። ለገጠመው ዕቃ ግን ዋስትና መጠየቅ ተገቢ ነው።

የትኛው ጉዳት ቢጠገን ያዋጣል? የትኛው ላይ ነው ተዉት የምትሉት?

እንደ ተጎዳው ክፍል ይለያያል።

የቻርጅ ቀዳዳ፣ ስፒከር፣ ማይክ፣ ባትሪ፣ ቁልፎች፦ እነዚህ ከቦርዱ ተለይተው የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸው። ቦርዱ ጤነኛ ከሆነ ያለ ብዙ ሐሳብ አስጠግኑ።

ስክሪን መሐል ላይ ነው። ቦርዱ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ብቻ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም መስመር ካወጣ ስሌት ያስፈልገዋል። ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ውድ ነው፤ ብዙ ስልክ ላይ ከሁሉም ዕቃ የሚወደደው እሱ ነው። ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት ቦርዱ ጸድቶ ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ወይም ሲደወልለት ምልክት እንደሚሰጥ ይረጋገጥ። አለበለዚያ በሞተ ቦርድ ላይ አዲስ ስክሪን ልትገጥሙ ትችላላችሁ።

አይፎን ላይ ፌስ አይዲ ለብቻው ይታያል። ፊት የሚያነበው ክፍል ለውሃ ስስ ነው፤ ከቦርዱም ጋር የተጣመረ ስለሆነ ብዙ ሞዴሎች ላይ ከሌላ ስልክ አምጥቶ መግጠም አይሠራም። በአጉሊ መነጽር ሥር የሚጠግኑት ባለሙያዎች አሉ፤ ሁሉም ግን አይችለውም። በፒን ኮድ ብቻ መኖር የሚከብዳችሁ ካልሆነ ለዚህ ብላችሁ ስልኩን አትጣሉ።

ቦርድ ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይከብዳል። አንድ ቦታ ሾርት ያደረገች ትንሽ ዕቃ ብትሆን፣ ችሎታ ያለው ሰው ይቀይራትና ስልኩ ይነሣል። እንዲህ ዓይነቱን ስልክ፣ ዕድሜው ትንሽ ከሆነ፣ እኔ አስጠግኑ እላለሁ። ዝገቱ ግን ብዙ ቦታ ተሰራጭቶ ከሆነ፣ ወይም ስልኩ ተጠግኖ ተመልሶ ከጠፋ፣ እዚያ ላይ ብታቆሙ ይሻላል። ሁለተኛው የቦርድ ጥገና ሦስተኛውን ይጠራል። ሰው በዚህ ላይ የሚጎዳው "ይህን ያህል አውጥቼ እንዴት እተወዋለሁ" በሚል ሐሳብ ነው። የወጣው ወጥቷል። የሚታሰበው ከዛሬ በኋላ የሚወጣው ነው።

የጥገናውን ዋጋ ከምን ጋር ላወዳድር?

ስልኩን ከገዛችሁበት ዋጋ ጋር አይሁን። ከአዲስ ሞዴል ዋጋ ጋርም አይሁን። ያንኑ ሞዴል በደህና ይዞታ ላይ ያለ፣ ያገለገለ ብትገዙ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቁ። ጥገናው ከዚያ ግማሹን ካለፈ ቀይሩ። ከግማሽ በታች ሆኖ ቦርዱ ንጹሕ ከሆነ አስጠግኑ። ይህ ጥገና ላይ የተለመደ መለኪያ ነው፤ ውሃ ለገባበት ስልክ ግን ጠበቅ አድርጉት። የተሰበረ ስክሪን ሲቀየር ስልኩ ወደነበረበት ይመለሳል። ውሃ የገባበት ስልክ ሲጠገን ጥርጣሬው አብሮት ይኖራል፤ ቦርዱ ተነክቶ ከሆነ አንድ ሦስተኛ ላይ ብታቆሙ አይቆጫችሁም።

ሁለተኛው የሚታየው ስልኩ ከፊቱ ስንት ዓመት እንዳለው ነው። የደኅንነት ማሻሻያ መቀበል ያቆመ ስልክ፣ በተለይ የባንክ አፕ የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ባይረጥብም መቀየሪያው ደርሷል። በተቃራኒው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ካወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ ለዋና ሞዴሎቻቸው የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ገና በሁለተኛ ዓመቱ ቢረጥብ ለማዳን መሞከሩ ትርጉም አለው።

ሦስተኛ፣ ሥራችሁ ምንድን ነው? በስልኩ እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ ድንገት ሊጠፋ የሚችል ስልክ ይዞ መዋል የለበትም። የተጠገነው ለሁለተኛ ስልክነት ይሁን፣ ለሥራ ሌላ ይገዛ።

ስልኩን አልፈልገውም። ፎቶዎቼን ብቻ ማውጣት እችላለሁ?

ይቻል ይሆናል፤ ቀላል ግን አይደለም። ብዙ ሰው ዳታው ያለበትን ቺፕ ነቅሎ በሌላ መሣሪያ ማንበብ የሚቻል ይመስለዋል። በድሮ ስልኮች ይቻል ነበር። በአሁኖቹ ስልኮች ዳታው የተመሰጠረ ነው፤ ቁልፉም ከስልኩ ዋና ፕሮሰሰር ጋር የተያያዘ ነው። ቺፑ ብቻውን ቢነበብ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዳታ ለማውጣት የግድ ቦርዱ ራሱ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ መነሣት አለበት። የስክሪኑን መክፈቻ ኮድም ማወቅ አለባችሁ።

ጥሩው ነገር ለዚህ ሥራ ስልኩ ሙሉ ጤነኛ መሆን አያስፈልገውም። ካሜራው፣ ስፒከሩ፣ ኔትወርኩ ባይሠሩም ግድ የለም። ባለሙያው ከሌላ ስልክ ስክሪንና ባትሪ ለጊዜው አገናኝቶ ያነሣዋል፣ ዳታው ይገለበጣል፣ ያበቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው "ስልኩን አትጠግንልኝ፣ ዳታውን ብቻ አውጣልኝ" በሉት። ሥራውም ዋጋውም ይለያያል። ፎቶው የሞተ ወላጅ ወይም የልጅ ልደት ከሆነ ደግሞ ስልኩን ለመጀመሪያው ሰው ሁሉ አትስጡ። ያልተሳካ ሙከራ በተደረገ ቁጥር የሚቀጥለው ሰው ዕድል ይጠባል። የቦርድ ሥራ የሚያውቀውን ፈልጉ፤ እስክታገኙት ስልኩ ጠፍቶ፣ ቻርጅ ሳይደረግ ይቆይ።

ከዚያ በፊት ግን በኮምፒውተር ወይም በሌላ ስልክ ወደ ጉግል ወይም ወደ አይክላውድ አካውንታችሁ ግቡና እዩ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ፎቶው እዚያ ተቀምጦለት ያገኘዋል።

ዋስትናው ይሸፍንልኛል?

በመደበኛው የፋብሪካ ዋስትና ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። አፕል ውሃ የሚቋቋሙ አይፎኖቹን ጭምር በፈሳሽ የመጣ ጉዳት ዋስትናው ውስጥ እንደማይገባ በግልጽ ጽፏል። በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛ የአደጋ ሽፋን ወይም ኢንሹራንስ ካላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲያ ከሆነ ስልኩን ማንም ሳይከፍተው መጀመሪያ እነሱን አነጋግሩ። ሌላ ሰው ከከፈተው በኋላ ጥያቄያችሁን ውድቅ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ባትሪው ያበጠ ይመስላል። ስክሪኑን ወደ ላይ ገፍቶታል።

ይህን አትጠብቁት። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት። የሊቲየም ባትሪ ሲያብጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከጨርቅ፣ ከወረቀትና ከአልጋ አርቃችሁ ድንጋይ ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጡትና ለባለሙያ ስጡት። ጣፋጭ ነገር የሚመስል የኬሚካል ሽታ ወይም ሙቀት ካለው ክፍሉን ለቅቃችሁ ውጡ። ባትሪው የግድ ይቀየራል፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣልም።

ከተጠገነ በኋላ ውሃ መቋቋሙ ይመለሳል?

እንደማይመለስ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ስልኩ ሲከፈት ማጣበቂያው ይቀደዳል። ጥሩ ባለሙያ አዲስ ማጣበቂያ ያደርግለታል፤ ያ ለላብና ለካፊያ ይረዳል። በፋብሪካ ደረጃ ግፊት ተለክቶ የሚሰጥበት ቦታ ካልሆነ በቀር ከእንግዲህ መታጠቢያ ቤትና መዋኛ አይግባ።

ለመቀየር ወሰንኩ። አሮጌውን ምን ላድርገው?

ሲም ካርዱን አውጡና በሌላ ስልክ ሞክሩት፤ ውሃ ሲም ካርድን እምብዛም አይጎዳም። ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም) ከሆነ የኔትወርክ አቅራቢያችሁ እንደ አዲስ ያወጣላችኋል። ይህን አታዘግዩ። የባንክና የኢሜይል ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። ኮድ የሚያመነጭ አፕ ስልኩ ላይ ከነበረ፣ አካውንቱን ስትከፍቱ የተሰጧችሁን መጠባበቂያ ኮዶች ፈልጉ።

የማይነሣውን ስልክ ከማስወገዳችሁ በፊት ሌላ መሣሪያ ላይ ወደ አካውንታችሁ ገብታችሁ ዳታው እንዲጠፋ እዘዙት። ስልኩ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ትእዛዙ ይፈጸማል። ወዴት እንደሚሄድ ካላወቃችሁ ከአካውንታችሁ አታውጡት፤ እንደተቆለፈ ይቆይ። ለዕቃው የሚገዛችሁ ሰው ካለ ውሃ እንደገባበት ንገሩት። ካሜራው፣ የጀርባ ሽፋኑ፣ አንዳንዴም ስክሪኑ የሌላ ሰው ስልክ ያድናል። አዲስ ስልክ አካባቢን የሚበክለው በአብዛኛው ሲመረት ነውና ዕቃው ዳግም ቢያገለግል ደግ ነው።

ያገለገለ ስልክ ልገዛ ነው። ውሃ ነክቶት እንደነበር በምን አውቃለሁ?

የሲም ካርዱን ማስቀመጫ አውጡና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ብዙ ስልኮች እዚያ ውስጥ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ትንሽ ምልክት አላቸው። አይፎን ላይ ነጭ ወይም ብርማ የነበረው ወደ ቀይ ይለወጣል። ሳምሰንግ ላይም ነጩ ወደ ሮዝ ወይም ቀይ ይሄዳል። ነጭ መሆኑ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ውሃው በሌላ በኩል ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱም ሊቀየር ይችላል። ቀይ መሆኑ ግን ብዙ ይናገራል።

ከዚያ ካሜራውን ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩና ጉም ወይም ጥላ መኖሩን እዩ። በስልኩ ደውሉ፤ ድምፁንም ማይኩንም ስሙ። ቻርጀር ሰክታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ ይሞቃል? ፌስ አይዲ ወይም የጣት አሻራ አዲስ ፊት፣ አዲስ ጣት ይመዘግባል? የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ?

ሻጩ "ትንሽ ነክቶት ነበር፣ ተጸድቷል" ካላችሁ ሐቀኛ ነው፤ አመስግኑት። ከዚያ ማን እንዳጸዳው፣ መቼ እንደነበርና ምን ዕቃ እንደተቀየረ ጠይቁት። ከጸዳ ወራት አልፎት በደንብ የሚሠራ ከሆነ፣ ዋጋውም ውሃ ካልነካው ጓደኛው በግልጽ ዝቅ ካለ፣ ለሁለተኛ ስልክነት ልትወስዱት ትችላላችሁ።